ሐርቡ ላይ የጠፋው ገጽ

ባትሪው ላይ የቀረው አርባ አንድ በመቶ ነበር። የመኪናዋ ስክሪን ግን ደሴ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ ይለናል። ዋሽቶ አይደለም፤ የሚያውቀው ሜዳ ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት አውቀዋለሁ።

ከኋላ ወንበር ላይ እህቴ ተኝታለች። ምጧ ከጀመረ ውሎ አድሯል፤ ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል። ጤና ጣቢያው «በቀዶ ጥገና ነው የምትገላገለው። ደሟም ዝቅ ብሏል፤ ለእሷ የሚሆን ደም ያለው ደሴ ስለሆነ ሳትዘገዩ ውሰዷት» ብሎናል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ሚኒባሶቹ ማደያ ላይ ነዳጅ ተሰልፈዋል። ባሏ ከብት ሊሸጥ ሰንበቴ ወርዷል። የተገኘችው የአጎቴ የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ናት፤ እሷም ከትናንት ጀምሮ መብራት ስለጠፋ ቻርጅ አልጠገበችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ እኛ ቤት በኦሮምኛው ኤሱማ ነው የምንለው። ዕድሜውን ሙሉ ከከሚሴ ደሴ ሚኒባስ ነድቷል። የነዳጅ ሰልፍ ሲያሰለቸው ሚኒባሱን ሸጠና ይችን ከቻይና የመጣች መኪና ገዛ። ስክሪኗ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ያህላል፤ ጽሑፉ ግን ሁሉም የቻይና ነው። እኛ ስልክ ላይ ያለውን መተግበሪያ ብንጭንባት አትቀበልም። ሆኖም ከስክሪኑ ጥግ ኢንተርኔት የሚከፍት ብሮውዘር አላት። ብሮውዘር ካለ ደግሞ ገጽ ሠርቶ እዚያ መክፈት ይቻላል። እኔ ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ሳውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሠራሁት ገጽ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ባትሪህ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ይዘሃል፣ ወዴት ነህ። ከዚያ ትደርሳለህ ወይም አትደርስም ይላል፤ በስንት ፍጥነት መሄድ እንዳለብህም ይነግርሃል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ሹፌር ዓይኑን ከመንገድ ሳያርቅ እንዲያነበው ብዬ። ቋንቋው አማርኛና ኦሮምኛ ነው። ክፍያ የለውም፣ የማንንም ስም አይጠይቅም። የመንገዱን ከፍታ የሰበሰብኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ከኤሱማ ጎን ተቀምጬ፣ በየድልድዩና በየመታጠፊያው በስልኬ እየለካሁ ነው። ሹፌሮቹ «አስተማሪው መንገዱን ሊሸጠው ነው እንዴ የሚለካው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በኋላ ግን የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት ሁሉ ከፈቱት።

ያን ቀን ከመነሳታችን በፊት ዳታ ለትንሽ ጊዜ ብልጭ ሲል ገጹን ከፈትኩት።

«ምን ያስፈራሃል? መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ይላል» አለ ኤሱማ የመኪናዋን ቁጥር እያሳየኝ። «ደሴ ሰማንያ አይሞላም።»

አርባ አንድ፣ አምስት ሰው፣ ደሴ ብዬ ጻፍኩ። ገጹ መለሰ፦ በሃምሳ ከነዳህ፣ ኤሲ ካጠፋህ፣ ትደርሳለህ። በሰማንያ ከነዳህ ሐረጎ ላይ ትቆማለህ። ከሥሩ ደግሞ በቀይ፦ ኮምቦልቻ ስትደርስ ከሃያ በታች ከሆነ ዳገቱን አትጀምር።

ኤሱማ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ኤሲውን አጠፋ።

የጨፋን ሜዳ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መስኮቱን በጥቂቱ ከፈትን፤ የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከኋላ እህቴ ጭንቅላቷን አማቷ ጭን ላይ አድርጋለች። ከእግሯ በኩል አዋላጇ ጠባብ ቦታ ላይ ተጣጥፋ የእጇን የደም ሥር ይዛለች። ወጣት ልጅ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት።

ሃምሳ ላይ ሄድን። አይሱዙ አለፈን። ሚኒባስ አለፈን። በመጨረሻ ባጃጅ አለፈንና ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ቻይናዋ አረጀች እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

አማቷ ከዚያ በላይ አልቻሉም። «ደፊ! ደፊ!» አሉ፤ ፍጠን ማለታቸው ነው። «ልጅቱ እየሞተች ሠርግ እንደሚያጅብ ሰው ትሄዳላችሁ?»

ዞር ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «እናቴ፣ በፈጠንን ቁጥር ነፋሱ ይገፋናል። እጥፍ ብንፈጥን ነፋሱ የሚይዘን እጥፍ ብቻ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ባትሪው ደግሞ…»

«እኔ ነፋስ ጠየቅሁህ? ልጄን ነው የጠየቅሁህ!»

ልክ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ አልነበርንም። ኤሱማ ግን ዓይኑን ከገጹ አልነቀለም። አማቷ ሲጮኹ ስክሪኑን ያያል፣ ስክሪኑ ሃምሳ ይላል፣ እግሩን ያላላል። እኔ እየተነፈስኩ የነበረው በዚያ ገጽ ነበር ማለት እችላለሁ።

ሐርቡ ስንገባ ዘመዶቻችን መንገድ ዳር ቆመው አየን። በስልክ ሰምተው ነው። እኛ ዘንድ ሕመምተኛ በዘመድ ከተማ ሲያልፍ ዱዓ ሳይደረግለት አያልፍም፤ ማለፍም ማሳለፍም ነውር ነው። ከፊት የቆሙት ትልቅ ሰው፣ ከሚሴ ድረስ ለዕርቅ የሚጠሩ ሀጂ ናቸው። ኤሱማ ፍሬን ያዘ። ይህን አስቀድሜ ገምቼው ነበር፤ መቆም ባትሪ አይበላም። ያልገመትኩት ቀጥሎ ያደረገውን ነው።

መኪናዋን አጠፋት።

የድሮ ሹፌር ነው። ሽማግሌን ሞተር እያስጮኹ ሰላም አይሉም፤ በሚኒባስ ዘመኑ ሁሉ እንዲያ አድርጎ አያውቅም። ይች መኪና የሚጮህ ሞተር እንደሌላት እጁ ገና አላወቀም። ስክሪኑ ጠቆረ። «ኤሱማ!» ብዬ ግማሽ ቃል ሳወጣ ሀጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ጀምረው ነበር። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። «አሚን» አልን፣ «አሚን»። ዱዓው አጭር ነበር፣ ድምፃቸውም ያረጋጋል፤ ልቤ ግን የጠቆረው መስታወት ላይ ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያቅልልሽ» አሏት በመስኮቱ።

ኤሱማ መኪናዋን አስነሳ። ስክሪኑ በራ። ብሮውዘሩን ነካሁት፤ ነጭ ገጽ መጣ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ዳታ የለም። የእነዚህ መኪኖች ብሮውዘር ሲጠፋ የነበረውን ሁሉ ይረሳል፤ ስልኬም ቢሆን ያለ ዳታ ገጹን አያወጣውም፣ አስቀምጦ እንዲይዝ አድርጌ አልሠራሁትማ። ክቧ እየተሽከረከረች ሐርቡን ለቀን ወጣን።

«የት ሄደ?» አለ ኤሱማ።

«ጠፋ። ግን ቁጥሩን አስታውሰዋለሁ። ሃምሳ ነው።»

«እምም» አለ።

ቁጥሩ በእርግጥ ከእኔ ጋር ነበር፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ችግሩ እኔ ስክሪን አለመሆኔ ነው። ስክሪኑ ሲናገር ኤሱማ ይታዘዛል፤ እኔ ስናገር አዝሎ ያሳደገኝ የእህቱ ልጅ ነኝ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የመኪናዋ የራሷ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁንም ደሴን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ ይላል።

ሲስተር ከኋላ ቀስ ብላ «ደም እየፈሰሳት ነው» አለች። «ብዙ አይደለም። ግን ጨምሯል።»

ኤሱማ እግሩን ጫን አደረገ። ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ።

«ኤሱማ፣ ሱታ! ቀስ በል፣ ዳገቱ ላይ ትቆማለች!»

«ደም ይፈሳታል ትላለች፣ አልሰማህም?»

«ስለሰማሁ ነው! ከፈጠንክ አንደርስም!»

«ወሬህን ተው! እኔ ይችን መንገድ ስነዳ አንተ ጥርስ አላበቀልክም።»

«በሚኒባስ ነው የነዳኸው!»

«ዝም በል አልኩህ!» አለ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኾብኝ አያውቅም። አማቷ «እሰይ፣ ንዳው!» አሉ። የባትሪው ቁጥር ዓይኔ እያየ አንድ ወረደ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ አንድ ወረደ።

ያን ጊዜ እህቴ ተናገረች። ከከሚሴ ከወጣን ጀምሮ ከማቃሰት በቀር ድምፅ አላሰማችም ነበር።

«ኤሱማ፣ ቀስ በልልኝ። ስትፈጥን መንገዱ ያናውጠኛል፣ ያመኛል።»

ኤሱማ እግሩን አነሳ። ሰባ፣ ስድሳ፣ ሃምሳ። አማቷ ፀጉሯን ማሻሸት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ደፊ የሚል ቃል አልወጣቸውም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ባትሪው አስራ ዘጠኝ ሆነ።

ኤሱማ ከተማውን እንዳለፍን ዳር ይዞ ቆመ፤ በዚህ ጊዜ ግን አላጠፋትም። በቀይ የተጻፈችውን መስመር አልረሳትም ማለት ነው። ከፊታችን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው ይወጣል።

አማቷም ነገሩ ገባቸው። «ከሁላችሁ ከባዷ እኔ ነኝ፤ አውርዱኝ» አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

«አንቱ ብትወርዱ የምናተርፈው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም» አልኳቸው። «እሷ ደግሞ ትራሷን ታጣለች። ተቀመጡ።»

ኤሱማ ወደ እኔ ዞረ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። «አንተ ነህ የሠራኸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ንገረኝ። እንውጣ፣ ወይስ እዚህ ነዳጅ ያለው መኪና እንለምን?»

ሃያ የምትለዋን ቁጥር ስጽፍ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሬባት ነበር። ይህ የአስተማሪ ጥንቃቄ ነው፤ ተማሪ ሁልጊዜ ያረፍዳልና ሰዓቱን አስቀድመህ ትናገራለህ። ግን መጠባበቂያዬ በቂ መሆኑን ፈትኜው አላውቅም። በባዶ መኪና ነው የለካሁት፣ በጥሩ ቀን፣ ደም የሚፈሰው ሰው ሳይኖር። መኪና እንለምን ብል ደግሞ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ሲስተርን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ መጠበቅ አትችልም ማለቷ ነው።

«እንውጣ» አልኩ። «በአርባ። በየጥምዙ የውስጡን ጥግ ያዝ፣ ማንም ጥሩንባ ቢነፋብህ አትስማ።»

«በአርባ» አለ ኤሱማ።

ዳገቱን የማስታውሰው በቁጥር ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ሌላ ነገር አላየሁም። አስራ አምስት። አስራ ሁለት። ከኋላችን የከባድ መኪና ጥሩንባ ተከታተለ፤ ኤሱማ እንደተባለው አልሰማም። አስር። እህቴ ማቃሰቷን አቆመች፤ ያ ከማቃሰቷ ይልቅ አስፈራኝ። ሲስተር በስሟ ትጠራታለች፣ እሷ «አለሁ» ትላለች፣ ሲስተር ደግሞ ትጠራታለች። ሰባት። ስድስት ላይ ስክሪኑ ላይ የኤሊ ሥዕል በቢጫ በራ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ኤሱማ።

«ጉልበቷን እየቆጠበች ነው። እግርህን ብትጭንም አትሰማህም።»

«እኔም አልጫንኩም» አለ፣ እንደ ተማሪ።

አምስት። አማቷ ከከንፈራቸው ሥር ቁርዓን ይቀራሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም። አራት። አንድ ጥምዝ፣ ቀጥሎ ሌላ ጥምዝ። ሦስት። ከዚያ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ማለቱን ተወ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤ መንገዱ ወደ ከተማው ማዘቅዘቅ ጀመረ። እነዚህ መኪኖች ቁልቁለት ላይ ጥቂት ወደ ባትሪያቸው ይመልሳሉ፤ ሰው ግን ዓይኑ ካላየ አያምንም። ሦስቱ አራት ሆነ።

«ጨመረ!» አሉ አማቷ አንገታቸውን አስግገው። «ሱብሃነላህ፣ ጨመረ እኮ!»

የሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። አልጋ መጣ፣ ወሰዷት፣ ሲስተር አብራ ሮጠች። ኤሱማ ከመሪው እጁን ማላቀቅ አቅቶት ቁጭ ብሎ ቀረ።

ሴት ልጅ ተወለደች። ለእህቴም ደም ተሰጣት፤ ቀስ በቀስ ከንፈሯ ቀለም ያዘ። ባሏ ከሰንበቴ አቧራ ለብሶ ሲደርስ ኤሱማን አቅፎ ማመስገን ጀመረ፤ ኤሱማ ግን በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «እኔ ነዳሁ እንጂ ምን አደረግሁ» አለ። «ያዘገየኝ እሱ ነው። እሱን አመስግን።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በከሚሴ ሹፌሮች ዘንድ ስሜ አዘግዩ ነው፤ አልከፋኝም።

ገጹን አስተካክዬዋለሁ። አሁን አንዴ ከተከፈተ፣ ዳታ ቢጠፋም መኪናው ቢጠፋም፣ ቁጥሩን ይዞ ይቆያል። ኤሱማ ዛሬም ሽማግሌ ባየ ቁጥር መኪናዋን ያጠፋታል። ተው አላልኩትም፤ መለወጥ የነበረበት ገጹ ነው።

አራስ ቤት ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ሕፃኗን አቀፍኳትና፣ ሲከነክነኝ የሰነበተውን ነገር እህቴን ጠየቅኋት። ከሐርቡ በኋላ፣ ኤሱማ ሲፈጥን፣ መንገዱ በእርግጥ አናውጧት ነበር ወይ?

የሕፃኗን ፎጣ ካስተካከለች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«እዚያ ጋ እኮ አስፋልቱ ለስላሳ ነው» አለች።