የፊት ወንበር

የሙዚቃ ትምህርት ክፍላችን የቀድሞ ተማሪዎቹን ሮቤ ላይ በሰበሰበበት ቀን፣ እኔ የዓመቱ ምርጥ መምህርት ተብዬ ልሸለም ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው የድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ ጎሮ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሙዚቃ ታስተምራለች። ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል አስተባባሪው መጣና «እህቴ፣ ይሄ ለታዋቂ ድምፃውያን የተያዘ ነው» ብሎ አስነሣት። አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ ሄደች።

ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ፤ ወደ መድረኩ ግን አልሄድኩም።

«ተማሪዬ ቦታዋ ካልተመለሰች ሽልማቱን አልቀበልም» አልኩ።

እሷ ከኋላ «ይተዉት መምህርት፣ እዚህም ይታየኛል» አለችኝ። አስተባባሪው ጠጋ ብሎ «እንግዶች እየጠበቁ ነው እኮ» ሲል አንሾካሾከ።

«ይጠብቁ! ያስተማርኳትን ከኋላ ደብቃችሁ ምኔን ነው የምትሸልሙት?»

አልተቀመጥኩም። በመጨረሻ በእሷ ቦታ የተቀመጠው ድምፃዊ፣ እሱም ያስተማርኩት ልጅ፣ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላትና ከጎባ ከመጡት ጓደኞቹ ጋር ኋላ ተቀመጠ። እሷ ስትቀመጥ ወጥቼ ዋንጫውን ተቀበልኩ።

በቀጣዩ ዓመት አባል ከነበርኩበት የዝግጅት ኮሚቴ አወጡኝ። ያውጡኝ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።