ያለ ውኃ የተቆፈረ ጉድጓድ

ዕድሜዬን የበላው ጉድጓድ ነው። ሳጉሬ፣ ዲክሲስ፣ ጮሌ፣ የውኃ ቁፋሮ መኪና ተከትዬ ያልዞርኩበት ቀበሌ የለም። ፊደል የለየሁት እንኳ በርሜል ላይ የተጻፈውን እየጠየቅሁ ነው። ስለ ቁፋሮ ግን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ብረቱ ድንጋዩን ይፈጫል፤ ውኃው ወርዶ ድቃቂውን ተሸክሞ ይወጣል። ውኃ ከሌለ ድቃቂው ብረቱን ያንቀዋል። አለቀ።

ዘንድሮ የመጨረሻዋ ልጄ፣ እዚሁ አሰላ ምሕንድስና የምትማረው፣ ለመመረቂያ የሠራችውን ግቢያችን ውስጥ አቆመችው። ብየዳ ቤት ያሠራችው፣ በሞተር የሚዞር ጠምዛዛ ብረት ነው፤ ከሥሩ የድንጋይ ዱቄት ጢም ብሎ የተጠቀጠቀበት የቆርቆሮ ሣጥን አለ። በማግስቱ መምህራኖቿ ሊያዩት ነው። ካልቆፈረ ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል። መቆፈሪያው ለጨረቃ ነው አለችኝ።

«እዚያ ማን ውኃ ጠማው?» አልኳት።

ሳቀች። ጨረቃ ከውስጧ ምን እንደያዘች ለማወቅ ነው ብላ ሞተሩን አስነሳች። ብረቱ ጥቂት ወርዶ ቀጥ አለ። ዱቄቱ በጠምዛዛው መሀል ተጠቅጥቆ ነክሶ ያዘው። ፊቷ ተለወጠ። እኔ ወዲያው ውኃ በጆግ አነሳሁ፤ ቁፋሮ ሲታነቅ እጄ ሌላ አያውቅም። ክንዴን ያዘችኝ።

«አባ፣ ይተዉት። እዚያ አየር የለም፤ ውኃ ቢያፈሱ ወዲያው ፈልቶ ይጠፋል።»

«ያለ እሳት?»

«ያለ እሳት።»

ጆጉን ግን አላስቀመጥኩም። እሷ ብረቱን ወደኋላ አዙራ አወጣችና «በአንዴ ልጨርስ ብዬ ተስገብግቤ ነው» አለች። ከዚያ ትኩስ ገንፎ እንደሚበላ ሰው ያዘችው፦ ጣት ያህል ትወርዳለች፣ ታወጣለች፣ በብሩሽ ጠርጋ ትመለሳለች። ሌላም መንገድ እንዳለ እየሠራች ነገረችኝ። በብረቱ ውስጥ ትንፋሽ የምታህል ጋዝ ቢለቁ፣ የሚገታው አየር ስለሌለ አቧራው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ደግሞ አይንሳፈፍም፤ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተመልሶ ይወድቃል።

እኔ አውድማ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። እብቁን ከስንዴው የሚለየው ነፋስ ነው። እዚያ ግን መንሽ ቢያነሱ እብቁም ስንዴውም እኩል መሬት ሊነኩ ነው። ሱብሃነላህ። ጌታ የፈጠረው አገር ሁሉ አርሲ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ጆጉን አስቀምጬ ብሩሹ የሚጠርገውን በመዳፌ ተቀበልኩት። በዕድሜዬ ከጉድጓድ ሲወጣ ያየሁት ሁሉ ርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ይሄ ደረቅ ነው፤ ከወፍጮ እንደወረደ ዱቄት ይሞቃል።

በመጨረሻ ብረቱ የሣጥኑን ወለል ነካ፤ ቆርቆሮው ጮኸ። ልጄ ሞተሩን አጥፍታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልክ ነሽ ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም። የወጣውን ዱቄት ሰብስቤ ሣጥኑን ራሴ ሞላሁና ጠቀጠቅሁት።

«ድገሚው» አልኳት። «አንዴማ ዕድልም ይሆናል።»

ለነገ እንድትለማመድ የፈለግሁ መስሏት ተነሳች። እኔ ግን ደግሜ ማየት አምሮኝ ነው።