የእማማ አማረችን ኪኒን ያስጣልኩበት እሁድ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ እዚሁ ሶዶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጢም ብሎ ሞልቶ... እኔ ማይክ ይዤ ከሰባኪው ጎን ቆሜያለሁ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሰባኪው በአማርኛ አንድ ነገር ይላል፣ እኔ በወላይትኛ እደግመዋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከእኔ በፊት ያስተረጉሙ የነበሩት ሽማግሌያችን ጋሽ ላሊሶ፣ ሰውዬው አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናግሮ ሲያበቃ «ተባረኩ ነው የሚለው» ብለው ይጨርሱት ስለነበር ማይኩ ወደ እኔ መጣ። አሁን የፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አልተኙም... እንደ እሳቸው አባባል።

የእሁዱ እንግዳ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ስብከቱ የታወቀው ነው፤ እምነት ያለው ሰው አይታመምም፣ የታመመ ሰው እምነቱን ይመርምር... ይሄን ትምህርት አልወደውም። አንድ ቀን ጋሽ ላሊሶን «ከወንጌል ጸሐፊዎቹ አንዱ ሐኪም ነበር ይባላል፤ ሲያምን ሥራ ፈታ እንዴ?» ብላቸው «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄ ሲበዛ ጸጋ ይቀንሳል» ብለውኛል። እሳቸው ግን ጥርሳቸውን ሲያማቸው ከጸሎት ቤት በፊት ክሊኒክ ነው የሚደርሱት።

ሰባኪው ወፍራም መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና «በቦርሳው ኪኒን ይዞ የመጣ ሰው ጥርጣሬውን ይዞ ነው የመጣው» አለ።

ዓይኔ መነጽሩ ላይ ቀረ። የሱ ጥርጣሬ አፍንጫው ላይ ተቀምጣለች።

ያለውን በወላይትኛ ደገምኩት። ከዚያ ኋላ የተቀመጡትን ጓደኞቼን አየሁ... ማይኩ በእጄ ነው... ምላሴ አላርፍ አለ። «ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ኪኒናችሁን ሽንት ቤት ጨምሩት። ሽንት ቤቱም ይፈወሳል» አልኩ። በሰባኪው ድምፅ፣ እጄን እንደሱ እያወናጨፍኩ።

የኋላው ወንበር በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ላሊሶ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አሜን» አሉ። ሰባኪው ወላይትኛ አይሰማም፤ ቃሉ የነካቸው መስሎት አሜኑን አስደገመ። እኔም ትምህርቱን በገዛ ማይኩ አፈረስኩት ብዬ እየተኩራራሁ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ እናቴ የቦዬ ሥር ቀቅላ «ለእማማ አማረች አድርሺ» አለችኝ። እማማ አማረች ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው። አማርኛ አይሰሙም። ስገባ ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ተኝተዋል።

«ምነው እማማ?»

«ምንም አይደል፣ ያዞረኛል። እምነቴ እስኪጸና ነው።»

«ኪኒኑን አልወሰዱም?»

«ጨመርኩታ።»

«የት?»

«አንቺ ያልሽው ቦታ ነዋ።»

ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

«እማማ... እኔ እኮ አይደለሁም፣ ሰውዬው ነው...»

«ሰውዬው ምን እንዳለ በምን ላውቅ? እኔ ያንቺን ነው የምሰማው።»

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ጓደኞቼ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚሰሙ ቀልዱ ገባቸው። እማማ አማረች የሰሙት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው... በገዛ ቋንቋቸው፣ ካሳደጓት የጎረቤት ልጅ አፍ። ሽንት ቤት የሚለውን ደግሞ መነጽራሙ ሰውዬ እንኳ አላለውም።

«ሽንት ቤት ጨምሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ላስቅ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ለሳቅ» አሉና ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ግፊታቸውን ሁለት ጊዜ ለካችና ተቆጣች። «በዚህ ግፊት እስካሁን መትረፍዎ ይገርማል። መድኃኒት አቁሙ ያለዎት ማነው?»

እማማ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ረስቼ ነው» አሏት።

መርፌ ተወጉ፣ አዲስ ኪኒን ተሰጣቸው፣ እስኪረጋጉ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተርፈዋል ብዬ ገና መተንፈስ ስጀምር እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አምና ልጄን በቀበርኩ ሰሞን የመጣው ሰባኪ... ‹ልጅ የሞተብሽ እናት፣ እግዚአብሔር አልተቆጣሽም› ያለው... ያም ቃል ያንቺ ነው?»

ያን ቀን አልረሳውም። ሰባኪው ያለው «ልጅ በአጭር የሚቀጨው በወላጅ ኃጢአት ነው» ነበር። እማማ ጥቁር ለብሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ አፌ እምቢ አለኝና ገለበጥኩት። ዓመት ሙሉ በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጽናኑ እንደከረሙ ግን አላውቅም ነበር።

እውነቱን ብናገር ያቺን መጽናኛቸውን መንጠቅ ነው። ብዋሽ ደግሞ ያንን ክፉ ንግግር የተናገረውን ሰው ደግ ማድረግ ነው።

«የሱ ነው» አልኩ።

ፊታቸው ፈታ አለ። «ይባረክ። በይ ስሙን ንገሪኝ፣ ስጸልይ ልጥራው።»

ነገርኳቸው።

እማማ አማረች ሲጸልዩ ድምፃቸው አጥር ይሻገራል። ይኸው በየጠዋቱ ለዚያ ሰውዬ ጤና፣ ዕድሜ፣ የልጅ በረከት ሲለምኑ ይሰማኛል... እኔም ስሙ በተጠራ ቁጥር ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ እስባለሁ፣ ጸሎቱ እውነተኛ ባለቤቱን ፈልጎ እንዳይመጣብኝ።