ሁለት ጠርሙስ ለአንድ ልጅ

ከልብስ ስፌት ሱቄ ጎን ያለችውን ፋርማሲስት ሰፈሩ «እትዬ እምቢ» ነው የሚላት። ማን እንደታመመ፣ ሌላ ምን እንደወሰደ ሳትጠይቅ ሽሮፕ አትሸጥማ! እኔም «ገበያ ጠላሽ እንዴ?» እያልኩ እተርባታለሁ። ስድቡንም ግልምጫውንም ችላ ኖራለች።

አንድ ቀን የሰፈራችን ብረት በያጅ የፋርማሲዋን በር በእርግጫ በርግዶ ገባ። ሁለት ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች ባንኮኒው ላይ ወረወረ።

«ከነዚህ ስጪኝ! ሠርተዋል፣ ልጄን ሳሉ ለቀቅ አድርጎታል።»

አገላብጣ አየቻቸው። «ሁለቱንም ለአንድ ልጅ?»

«አንዱን እናቴ ናት የምትሰጠው፣ አንዱን ሚስቴ። ከሌላ ፋርማሲ ለየብቻ ነው የገዙት፤ ተኳርፈዋል፣ አይነጋገሩም።»

«ወይ ጉድ! ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ያለው አንድ ነው። በእያንዳንዳቸው ሦስት መድኃኒት አለ፤ አንዱ ንፍጥ ያደርቃል፣ ግን እንቅልፍ ያመጣል። ሌላው አንጎልን ‹አትሳል› ይለዋል። ሦስተኛው አክታ ያቀጥናል። አክታው ቀጥኖ ሳሉ ከታፈነ በየት ይውጣ? ሲደራረብ ደግሞ ትንፋሽም ይደክማል። እምቢ፣ አልሸጥም! ልጁን አምጣው።»

«አስተምሪኝ አልኩሽ?» ብሎ አፏን በቦክስ አላት።

መደርደሪያው ላይ ወደቀች፤ ጠርሙሱ ሁሉ ተንኮታኮተ። ፀጉሯን ጨምድዶ ሊደግማት ሲል፣ ከሱቄ ሆኜ ሁሉን ስከታተል የነበርኩት እኔ ካውያዬን ይዤ ደረስኩና ክንዱን አቀመስኩት። እኔንም በክርኑ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ። እጁ ይሰበር! ሰውዬው በሬ ነው።

እሷ ደም እየተፋች፣ «ልጁ አሁን ምን እያደረገ ነው?» አለችው።

«ተኝቷል! ከጠዋት ጀምሮ አልነቃም...»

የተናገረውን ራሱ የሰማው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሦስታችንም ሩጫ ጀመርን።

ቤቱ ስንደርስ አማትና ምራት ፀጉር ለፀጉር ተያይዘዋል። «አንቺ ነሽ የገደልሽው!» «አንቺ ነሽ!» ልጁ አልጋው ላይ ነው፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። እትዬ እምቢ ሁለቱንም በክርኗ ገፍትራ አለፈች፣ አፍንጫውን ይዛ አፏን ገጠመችና ትንፋሿን ትሰጠው ጀመር። ደጋገመችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደባለቅሁት።

በመጨረሻ ደረቱ ከፍ አለና ሳለ።

አባትየው የልጁን አገጭ አይቶ፣ «ደም! ልጄ ደም ተፋ!» ብሎ ጮኸ።

«የሱ አይደለም፣ የኔ ነው» አለችው። «ይልቅ መኪና ጥራ።»