ከላይ የመጣ ነው

ባለፈው ክረምት ናዳ የማጂን መንገድ ሲዘጋው፣ እኔ በማስተምርባት መንደር የእርዳታ ዱቄት ከወታደራዊ አውሮፕላን ሊጣል ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ሜዳው ዳር ሰብስበው ንግግር ጀመሩ። የመጀመሪያው ጭነት ፓራሹቱ ሳይዘረጋ ሲወርድ አየሁና «ጋሼ፣ አልተከፈተም» አልኩ፤ ለራሴም በቅጡ በማይሰማኝ ድምፅ።

«አጨብጭቢ እንጂ፣ ልጄ!» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

ጭነቱ የእማማ አልማዝን የእንሰት ጓሮ ደፈጠጠው። እማማ እየጮኹ መጡ። «የዓመት ቀለቤን! ማን ሊተካልኝ ነው?»

«ከላይ የመጣ ነው፣ እናቴ። እኛን አይመለከትም» አሉ ሊቀመንበሩ።

ወዲያው ሁለተኛው ጭነት እንደ ድንጋይ ወርዶ ሜዳው ጥግ የቆመውን የሊቀመንበሩን አዲስ ሞተር ሳይክል ጨፈለቀው።

«ሞተሬን! ሞተሬን!»

«ዝም በል፣ ልጄ፤ ይሄም ከላይ የመጣ ነው» አሉ እማማ።

የታዘዝኩት ትዝ አለኝና አጨበጨብኩ።