ከክምሩ ሥር የሰበርኩት ጡብ

ዛሬ አዘዞ ከታክሲ ስወርድ፣ እርጥብ ሸክላ እሳት ሲነካው የሚሸተው ሽታ ተቀበለኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ የጎንደርን ግማሽ በጡብ የገነባሁ ሰው ነኝ፤ ያን ሽታ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችንን ጎርፍ አፍርሶት የጎረቤት ማድቤት ተጠግተናል። አባቴ ለአዲሱ ቤት የሠራውን ጡብ ማቃጠያው ምድጃ ውስጥ ደርድሮ ጨርሷል፤ ሰማዩ ግን ያጉረመርማል። መድረቁን ሊያይ ውጭ ከተረፈው ክምር አናት አንድ ጡብ አንስቶ ሰበረ። ውስጡ ደርቋል። እኔ ከሥር መዝዤ ሰበርኩ። መሐሉ ጠቁሮ ረጥቧል።

«አባባ፣ ይኸ አልደረቀም!»

«ምነው አንተ ልጅ! አፍህን ያዝ።»

የሚያግዙን ሽማግሌ፣ አያ ወርቁ፣ ጡቡን ተቀብለው አዩት። «ልጁ ልክ ነው። እርጥብ ከተቃጠለ ይፈነዳል፤ ሦስት ቀን ታገሥ።»

«ዝናቡስ ይታገሠኛል፣ አያ? ልጆቼን የት ላስከርማቸው?» ብሎ ክብሪቱን ጫረ።

ነጭ እንፋሎት ወጣ። ድንገት አንዱ ጡብ ጧ! አለ። ከዚያ ሌላው። አባቴ በየፍንዳታው ይሸማቀቃል።

«ፊቱ ደርቆ ልቡ የሚያለቅስ ስንት አለ መሰለህ» አለኝ።

ስለ ጡቡ ብቻ መስሎኝ፣ «ከሥር መስበር ነበረብህ» አልኩት።

ሊመታኝ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።

«ከእንግዲህ አንተ ትሰብራለህ።»

ያን ክረምት እዚያው ማድቤት ከረምን። በበጋው ቤታችን ቆመ፤ እኔ «ደርቋል» ሳልል አባቴ አንድም ቀን ክብሪት አልጫረም።

ይኸው አሁንም ከሥር ሰብሬ ልይ ብዬ ሽታው ወደመጣበት ጭስ እየሄድኩ ነው፤ ማንም አልጠራኝም።