የዶክተሩ አውሮፕላንና የአባቴ መፍቻ

ዶክተሩ ሁለት ሞተር ያላት አውሮፕላን ሊገዛ መሆኑን ሲነግረኝ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ነበር። ለሃቪም በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር የጥርስ ሐኪም ነው። በእስራኤል ደቡብ፣ ከቤር ሼቫ ወጣ ብሎ ካለው ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ባለ አንድ ሞተር እየተከራየ ለዓመታት በርሯል። እኔ እዚያው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን የተማርኩት በውትድርናዬ ጊዜ አየር ኃይል ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ስወጣ ተፈትኜ የሲቪል ፈቃድ አወጣሁ። አውሮፕላኖቹ በሚጠገኑበት ሃንጋር ውስጥ ከእኔ ሌላ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኞች ሲያዩኝ “መካኒኩ የት ሄደ?” ይሉኝ ነበር። ዶክተሩም ብሎኛል። በኋላ ግን እኔ ያላየሁትን አውሮፕላን አያስነሣም ነበር።

“ሰሜን ውስጥ ቆማለች። ባለቤቷ ሞቶ ሚስቱ ናት የምትሸጣት። አብረኸኝ ሂድና እያት” አለኝ።

“ባለ አንድ ሞተር ምን ጎደላት?”

“ሚስቴ ባሕር ላይ በአንድ ሞተር አልሄድም አለች።”

ሄድን። አውሮፕላኗ ሁለት ክረምት ሜዳ ላይ ቆማ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል፤ በቀኝ ክንፏ ቀዳዳ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ሴትዮዋ የአውሮፕላኗን መዝገቦች በብርቱካን ካርቶን አድርጋ አመጣችልኝ። ዶክተሩ ቀለሙንና ወንበሩን እየዞረ ሲያይ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ እስከ እኩለ ቀን መዝገብ አነበብኩ። ሟቹ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ዘይት የቀየረበትን፣ ካንዴላ ያጸዳበትን፣ ሁሉንም በጥሩ ጽሕፈት አስፍሯል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ጽሕፈቱ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሴትዮዋ የት እንደደረስኩ አይታ “ያኔ ታሞ ነበር” አለችኝና ዞር አለች።

ከዚያ የሞተሮቹን ሽፋኖች ከፈትኩ። በየሲሊንደሩ አየር እየሞላሁ አዳመጥኩ። የቀኙ ሞተር ደህና ነው። የግራው ሦስተኛ ሲሊንደር ግን የሞላሁትን አየር አልያዘም፤ በጭስ ማውጫው በኩል ሲያፏጭ ይሰማል። ለዶክተሩ እውነቱን ነገርኩት።

“አካሏ ዝገት የለበትም። ቀኙ ሞተር ጥሩ ነው፤ ከግራው አንድ ሲሊንደር መቀየር አለበት። ግን እወቅ፤ ሁለት ሞተር ማለት ችግሩም ሁለት ነው።”

“አንተ ትይዝልኛለህ?”

“እይዛለሁ።”

“በቃ” አለና ወደ ሴትዮዋ ሄደ።

ጎማዎቿን ቀይረን፣ የነዳጅ ጋኖቿን አጥበን፣ ሳትጠገን አንዴ ብቻ የምትበርበት ልዩ ፈቃድ ወጥቶላት አንድ የቆየ አብራሪ ወደ ደቡብ አመጣልን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የነጌቭ በረሃ አቧራ የአየር ማጣሪያዋን እየደፈነ አስቸገረኝ። አንዱን ቧንቧ ስቀይር ጎረቤቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከቆመች አውሮፕላን ይልቅ የምትበር አውሮፕላን ትቀላለች፤ ላስቲኩ ሁሉ ሳይሠራ ደርቆ ነበር። ዶክተሩ ክሊኒኩን ዘግቶ ይመጣና ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንዳንዴ በጥርስ ሐኪም መስታወቱ የማልደርስበትን ጥግ ያይልኝ ነበር።

ትልቁ ሥራ ሲሊንደሩ ነበር። ሲሊንደሩን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች ሥር ላይ ተሸጉጠው ስለሚቀመጡ ቀጥ ያለ መፍቻ አይደርስባቸውም። አንገቱ የተቆለመመ መፍቻ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ። የጋራዡ ኃላፊ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፕላን ሥር የኖረ ሽማግሌ፣ “እኛ ድሮ ራሳችን ነበር የምንቆለምመው። የሚያውቅ ብረት ሠሪ ፈልግ” አለኝ።

የሚያውቅ ብረት ሠሪ አባቴ ነበር።

አባቴ ጎንደር እያለ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። ገበሬው ሥራውን ይፈልጋል፤ እሱን ግን ቡዳ ነው ብሎ ይሸሸዋል። እስራኤል ከመጣን በኋላ ጡረታ እስኪወጣ በከተማው መናፈሻዎች ቅጠል ጠረገ። ብረት አልነካም። የመፍቻውን ሥዕል ከነልኩ ወረቀት ላይ አድርጌ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር እሱና እናቴ ወደሚኖሩበት ቤት ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“የአውሮፕላን መፍቻ ናት፣ አባባ።”

“አውሮፕላንም እንደ በር በመፍቻ ይፈታል?”

“ይፈታል። ብረት አይደል?”

ሃዒር ሃዓቲቃ በሚባለው አሮጌው የከተማው ክፍል የመስኮት ብረት የሚሠራ አንድ የሞሮኮ ሰው ምድጃውን ፈቀደልን። አባቴ ከጠንካራ ብረት የተሠራ አሮጌ መፍቻ መርጦ እሳት ውስጥ ከተተው። ከስንት ዓመት በኋላ መዶሻው ይከብደው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከበደውም። የምድጃው ባለቤት ሥራውን አቁሞ ያየው ጀመር። እኔ ሥራ ነበረብኝና ትቻቸው ሄድኩ። በማግስቱ አባቴ መፍቻዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንገቷ ልክ እንደ ሥዕሉ ታጥፎ፣ ጫፏ ላይ የጥብቀት መለኪያው የሚገባበት ቀዳዳ ተበጅቶላት ነበር። ዳዶው ላይ ሳስገባት ልክክ አለች። ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የሲሊንደር ዳዶ በመጠኑ ነው የሚጠብቀው። ከላላ ሲሊንደሩ ይነቃነቃል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ዳዶውን የያዘው ቡሎን ይለጠጥና አንድ ቀን አየር ላይ ይበጠሳል። ጥብቀቱን የምንለካው ሞሜንት በምንለው መለኪያ ነው። መለኪያው ላይ ሌላ መፍቻ ሲቀጠል ክንዱ ስለሚረዝም ጉልበት ይጨምራል፤ ስለዚህ እንደ ቅጥያው ርዝመት ቁጥሩን አስልቶ መቀነስ ግድ ነው። እኔም አስልቼ ቀነስኩ። ያሰላሁት ግን ወረቀቱ ላይ በሣልኩት ርዝመት ነበር። መፍቻዋን አልለካኋትም።

ሐሙስ አዲሱን ሲሊንደር አስሬ ጨረስኩና መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ኃላፊው መዝገቡን አይቶ እሱም ፈረመ። ዓርብ ጠዋት ዶክተሩ ብቻውን በከተማው ዙሪያ ግማሽ ሰዓት በረረባት። ወርዶ አቀፈኝ። “ነገ ከሰዓት ሚስቴንና ልጄን ይዤ ኤላት እሄዳለሁ” አለ።

የሰንበት ምሳዬን የምበላው እናትና አባቴ ዘንድ ነው። ዓርብ ከመምሸቱ በፊት መኪናዬን እነሱ ሕንፃ ሥር አቆምና እዚያው አድራለሁ። አባቴ ሰንበትን እንደ አገሩ ነበር የሚያከብረው። እሳት የለም፣ ስልክ የለም፣ ከሰፈር መውጣት የለም። ምግቡን እንደቀዘቀዘ እንበላለን። በዚያ ቅዳሜ ከጸሎት መልስ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እያለ አባቴ ጠየቀኝ።

“መፍቻዋ ሠራችልህ?”

“እጅግ ሠራች፣ አባባ። ኃላፊው ራሱ ማን ሠራት አለኝ።”

“ቀለል አለችልህ? አጭር ናት ብዬ አራት ጣት ጨመርኩላት። እጅህ እንዳይደክም።”

መጀመሪያ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ልል ነበር። ከዚያ የጎረስኩት አፌ ውስጥ ቀረ።

“አራት ጣት?”

“አራት ጣት። ምነው?”

በጣቴ ጠረጴዛው ላይ አሰላሁ። አዲስ ቡሎን ቢሆን ምናልባት ይችለው ነበር። እነዚያ ግን ከሟቹ ጊዜ ጀምሮ ያሉ ናቸው። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።

“አባባ፣ ሰዎች በአውሮፕላኗ ሊበሩ ነው። አሁን። ዳዶዎቹን ከመጠን በላይ አጥብቄያቸዋለሁ።”

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰንበት ሲገባ ስልኩን በነጠላ ትሸፍነው ነበር። አባቴ ተነሥቶ ነጠላውን ገለጠና መነጋገሪያውን በራሱ እጅ አንሥቶ ሰጠኝ።

“ደውል።”

ዶክተሩ አላነሣም። ኃላፊው አላነሣም። የማረፊያው ስልክ ጮኾ ጮኾ ቆመ። ቁልፌን አንሥቼ ወደ በሩ ስሄድ አባቴ ጫማውን ሲያደርግ አየሁት።

“እርስዎ ይቅሩ፣ አባባ። ሰንበት ነው።”

“ያስረዘምኳት እኔ ነኝ” አለ።

ከሕንፃው በታች ወንበሮቹ ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። አባቴ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ በሁላቸው ፊት መኪና ውስጥ ገባ። አንዱ “አያ፣ ደህና ነው?” ብሎ ጠራው። አባቴ በሩን ዘጋ። መንገዱን ሁሉ የበሩን እጀታ ጨብጦ ተቀመጠ።

የማረፊያው በር ክፍት ነበር። ሁለቱም ሞተሮች ሲያጓሩ ከሩቅ ሰማሁ። አውሮፕላኗ ከሃንጋሩ ወጥታ ወደ መንደርደሪያው እየሄደች ነው። መብራት እያበራሁና እያጠፋሁ በሣሩ ላይ ነዳሁ። ከፊቷ፣ ከፕሮፔለሮቹ ርቄ፣ መኪናውን አገድም አቆምኩና ወጥቼ ሁለት እጄን አጣመርኩ። አጥፋ ማለት ነው። ፕሮፔለሮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሙ። ዶክተሩ በሩን ከፈተ።

“አብደሃል?”

“የግራው ሲሊንደር ዳዶዎች ከልክ በላይ ጠብቀዋል። ስሌቱን ተሳስቻለሁ። መብረር አትችልም።”

“ትናንት በርሬባት የለም እንዴ! ፈርመህልኛል እኮ!”

“ፈርሜያለሁ። ተሳስቻለሁ።”

ፊቱ ቀላ። ከኋላ ሚስቱና ወደ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጁ በመስኮት ያዩናል። በዚህ መሀል አባቴ ከመኪናው ወረደ። ዕብራይስጡ ጥቂት ነው። ደረቱን በእጁ መታ አድርጎ “አኒ” አለ፤ እኔ ማለቱ ነው። ከዚያ አራት ጣቱን አሳየው። ዶክተሩ ምንም አልገባውም፤ ግን ጋቢውን አየ።

“አባትህ ነው?”

“አዎ።”

“በሰንበት ነው ይዘኸው የመጣኸው?”

“እሱ ነው የመጣው።”

ዶክተሩ ቀና ብሎ አባቴን ትንሽ አየው። ከዚያ ቁልፉን ነቀለና ወደ ሚስቱ ዞሮ “ውረዱ” አለ።

እሑድ ጠዋት ከኃላፊው ጋር ሲሊንደሩን ፈታነው። አምስቱ ዳዶዎች እንደ ደንቡ ወጡ። ስድስተኛው ተናንቆ ወጣ፤ ቡሎኑ መሀሉ ላይ እንደተሳበ ሊጥ ቀጥኗል። ኃላፊው ጣቱን አስነካውና “ኤላት ትደርስ ነበር ይሆናል” አለ። “ትመለስ እንደሆነ አላውቅም።”

ሁሉንም ቡሎን ቀየርን። ጥፋቴን መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ መፍቻውን ሳልለካ አሰላሁ ብዬ። ኃላፊው ከፊርማዬ ጋር የምመታውን የመካኒክነት ማኅተሜን ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈው። “እኔም ሳልለካ ፈርሜያለሁ፤ የእኔን የሚወስድ ግን የለም” አለኝ። ለወራት በሌላ ሰው ፊርማ ሥር ሠራሁ። ዶክተሩ ሦስት ሳምንት ያህል ወደ ጋራዡ አልመጣም፤ የሚፈልገውን በስልክ ለኃላፊው ይነግር ነበር። ያ ከማኅተሙ ይልቅ ከበደኝ።

አባቴ በዚያ ሰንበት ማግስት ወደ እኛ ቤተ እስራኤሎች ቄስ ሄዶ ሰንበት መሻሩን ተናገረ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ቄሱ “አውሮፕላኗ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?” ብለው ጠየቁት። “ሦስት” አላቸው። “ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?” ብለው መለሱት። እሱ ግን አንድ ቀን ጾመ። ከዚያ መፍቻዋን ከእኔ ተቀብሎ ሃዒር ሃዓቲቃ ሄደና አራት ጣት ቆርጦ መለሰልኝ፤ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ።

“አልነገርከኝም” አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። “ልኩ ለምን እንደሆነ ብትነግረኝ አልነካውም ነበር።”

እውነቱን ነው። ለጋራዡ ሰው ቢሆን አስረዳ ነበር። ለአባቴ ግን አይገባውም ብዬ ወረቀት ብቻ ሰጠሁት። ክንድ ሲረዝም ጉልበት እንደሚጨምር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅሁት። “በል ተወው” አለኝ።

ሥራው ሲያልቅ ዶክተሩ መጣ። ሰላም አለኝ፤ መዝገቡን ከፍቶ የጻፍኩትን ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ “ውጣና ተቀመጥ” ብሎ የቀኙን ወንበር አሳየኝ። በሠራሁት አውሮፕላን በርሬ አላውቅም ነበር። ቀበቶውን አሰርኩ። ተነሣን። ከተማዋ ከታች ዞረች፤ የሽኩና ቫቭን ሕንፃዎች ለየሁ። ዶክተሩ እነሱን አላየም፤ እኔም ብዙ አላየሁም። ሁለታችንም የግራውን ሞተር ሙቀት መለኪያ ነበር የምናየው። መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም።

“አባትህ መብረር ይፈልግ ይሆን?” አለኝ ስንወርድ።

ለአባቴ ነገርኩት። “እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ አንዴ በርሬያለሁ፤ ይበቃኛል” አለ።

ዶክተሩ በአውሮፕላኗ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በረረ። ኤላት ብዙ ጊዜ ሄዱ፤ ቆጵሮስም ተሻገሩ። ማኅተሜ ከተመለሰልኝ በኋላ በየሃምሳ ሰዓቱ ዘይቷን እቀይርና የዘይት ማጣሪያውን ቀድጄ ወረቀቱን በፀሐይ እዘረጋ ነበር። ብናኝ ብረት ካለ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩ ውስጥ የሚፋቅ ነገር አለ ማለት ነው። ከግራው ሞተር ምንም አልወጣም። ከቀኙ አንዴ ወጣ፤ እሱን ደግሞ ፈታሁት።